ክር የገባላቸው መርፌዎች

«እዩዋቸው! እማማ ዴልፊና አሻንጉሊቷን ደብቀው ሊውጧት ነው፤ ታማሌ ላለመደገስ!» ብላ የልጄ ሚስት ማሪክሩስ ማዕድ ላይ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሦስቱ ነገሥታት ቀን ነበር፤ ቀለበት የመሰለውን ጣፋጭ ዳቦ ቆርሰን ተቀምጠናል። ዳቦው ውስጥ ባቄላ የምታክል ነጭ አሻንጉሊት ትደበቃለች፤ የደረሰችው ሰው ከአራት ሳምንት በኋላ በሚውለው በካንዴላሪያ በዓል ለማዕዱ ሰው ሁሉ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ፣ ያበስላል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ የሚሸሽ ሞልቷል። አጎቴ አንድ ዓመት አሻንጉሊቷን ውጧት ስታንቀው ጀርባውን ደብድበን ነው ያተረፍነው። እኔ ግን ዴልፊና ነኝ፤ በዚህ በፑዌብላ ከተማ እጄን አጥፌ የበላሁበት ቤት የለም። አልደበቅኋትም። አላየኋትም። ነጭ ዳቦ ውስጥ ያለች ነጭ ነገር፤ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር ድር ይዋኛል፣ ግራው ጭስ ነው። ይህን ለማን ልበል? አብሬ ሳቅሁ። ታውራለች ከምባል ስስታም ናት ብባል ይሻለኛል። ሳቄን ስጨርስ ግን ማሪክሩስን ቂም ያዝኩባት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታናግረኝ የምመልስላት ግድግዳውን እያየሁ ነበር።

ካንዴላሪያ የደረሰ ዕለት የማሪክሩስ ሻንጣ ከዋዜማው ጀምሮ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ቬራክሩስ ከተማ እህቷ ዳቦ ቤት አላት፤ እዚያ ልትሠራ፣ እዚያው ልትኖር ነው። አውቶቡሱ አስር ሰዓት ላይ ይነሣል። እሷና ልጄ ኖርቤርቶ አልተጣሉም፤ ማንም ማንንም አልመታም፣ ሌላ ሴትም የለችም፤ ብትኖር ኖሮ እሰማ ነበር፣ እዚህ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት ይማርህ ይላል። ወሬ ነው ያለቀባቸው። እሱ ታክሲውን አቁሞ ይገባል፣ ይበላል፣ ቴሌቪዥኑን ያያል። እሷ ሳህኑን ታነሣለች። ሁለት ክፍልና ኩሽና ባለው ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ መኖር እንዴት እንደቻሉ እኔ አላውቅም፤ እኔና ሟቹ ባለቤቴ በዚሁ ቤት ስንጣላ ሳህን ይሰበር ነበር፣ ቢያንስ ድምፅ ነበረው። ስትሄድ ምን ተሰማሽ ካላችሁኝ፣ ያን ጠዋት የተሰማኝ ትሂድ ነው። ስስታም ብላኛለች።

ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ሊጡን መምታት ጀመርኩ። የአሳማው ስብ በዚህ ወቅት ዋጋው አይቀመስም፤ በቆሎውን የሚሸፍነው የደረቀ ቅጠል ደግሞ፣ ሌላ ጊዜ በነጻ የሚጥሉት ነገር፣ ካንዴላሪያ ሲደርስ ሻጮቹ እንደ ሐር ጨርቅ እየዘረጉ ነው የሚያሳዩሽ። ገዛሁ። ስስታም ያለችኝ ትብላው ብዬ ጥሩ ጥሩውን ገዛሁ። ሊጡ መድረሱ የሚታወቀው ጥቂት ቆንጥረሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትጥዪው ሲንሳፈፍ ነው። ጣልኩት፤ መንሳፈፉን አላየሁም፤ ጣቴን ብርጭቆው ውስጥ ነክሬ ከላይ መሆኑን ዳሰስኩ። ማሪክሩስ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ቅጠሉን ዘርግቼ፣ ሊጡን ቀብቼ፣ ሥጋውን ከነቀይ ስልሱ መሐሉ ላይ አድርጌ ጠቀለልኩ፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ድስቱ ሥር ውኃ ጨመርኩ፣ ውኃው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው አንድ ሳንቲም ጣልኩ። ውኃ እስካለ ድረስ ሳንቲሙ ይንቀጫቀጫል፤ ዝም ሲል ውኃ ጨምሪ ማለት ነው። እሷ ከቅጠሉ ሁለት ቀጫጭን ክር ቀድዳ የድስቱ ጆሮዎች ላይ አሰረች። ተናዳጅ ሰው ባለበት ቤት ታማሌ ጥሬ ሆኖ ስለሚቀር ነው እንዲህ የሚታሰረው።

«ለማን ብለሽ ነው የምታስሪው?» አልኳት።

«ለሁለታችን፣ እማማ።»

«እኔ አልተናደድኩም።»

«እንግዲያው ሁለቱም የእኔ ይሁኑ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሳቱን እንድትለኩሰው ነገርኳት፤ ከዚያ የበለጠ አልተነጋገርንም።

ቀጥዬ ሕፃኑን ኢየሱስን፣ የቤታችንን ትንሽ ምስል፣ አለበስኩት። በዚህ ቀን ልብስ አልብሰን ቤተ ክርስቲያን ወስደን እናስባርከዋለን፤ ገበያ ላይ የተሰፋ ይሸጣል፣ እኔ ግን ከእናቴ ጀምሮ በእጄ ነው የምሰፋው። ክር መክተት ዱሮም አስቸግሮኝ አያውቅም። መርፌዬ ኩሽናው መጋረጃ ላይ ተሰክታ፣ ክሯ ገብቶላት ሁልጊዜ ትጠብቀኛለች፤ ሥራ ስጨርስ ለነገ ብዬ ከትቼ እተዋታለሁ። ነጩን ቀሚስ እንዲህ ነው ሰፍቼ የጨረስኩት። ሕፃኑን አልብሼ መስኮቱ ጋ ስደግፈው የልጅ ልጄ ሲትላሊ ገባች። የማሪክሩስና የኖርቤርቶ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተከራይታ ትኖራለች፣ በአጉሊ መነጽር የአይጥ ዓይን ስታይ ትውላለች። ሕፃኑን አንሥታ አገላበጠችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም፣ አያቴ። ቆንጆ ነው። ነይ፣ ክሊኒክ እንሂድ፤ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።»

ቀሚሱን የኋላውን ወደ ፊት አድርጌ እንዳለበስኩት የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ለምን ክሊኒክ ብዬ ተቆጣሁ፤ ለስኳርሽ ነው አለችኝ፣ ለስኳሬማ ሁልጊዜ እሄዳለሁ ብዬ ሻሌን ደርቤ ወጣሁ። ደረጃውን ስንወርድ እጇን ክንዴ ሥር አስገባች፤ አወጣሁት። ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ጎረቤታችን ሮሳልባ ነበረች። «ዶኛ ዴልፊና፣ ዛሬ ታማሌ አለ ወይስ አሻንጉሊቷን እንደገና ልትውጪያት ነው?» አለችኝ። «ነይና ብዪ፤ ጥርስ ካለሽ» አልኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ሊያስባርኩት ሕፃኑን ኢየሱስን የታቀፉ ሴቶች ሞልተዋል፤ አንዷ ሕፃኗን የእግር ኳስ ተጫዋች አድርጋ አልብሳዋለች፣ ቁጥር ሳይቀር ጀርባው ላይ። ዓለም ተበላሽታለች ብዬ ለሲትላሊ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ግን አላየሁም።

የገባንበት ክፍል ስኳር በሽታ ሳይሆን ዓይን የሚታይበት ነበር። ተታለልኩ፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ መነሣት ነውር ነው። ጠብታ ጨመሩብኝ፣ አገጬን ብረት ላይ አሳርፈው መብረቅ የመሰለ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ለቀቁብኝ። ሐኪሙ ማስቲካ የሚያኝክ ወጣት ነው። ምን ያስቸግርሻል አለኝ፤ አልፎ አልፎ ይጋርደኛል አልኩት፤ ሌላ ምንም አልነገርኩትም። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሲትላሊ ይናገር ጀመር፤ አያትሽ እንዲህ፣ አያትሽ እንዲያ። «እዚሁ ነኝ» አልኩት፤ «ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አልመረመርክም።» ማስቲካውን አቆመ። የዓይኔን ፎቶ አሳየኝ፤ ብርቱካናማ ጨረቃ፣ ላይዋ ላይ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ። በጨረር የሚያንጠባጥበውን ልንዘጋው እንችላለን፤ ያለሽን ያቆይልሻል፣ የሄደውን ግን አይመልስም አለ። ቀድመሽ መጥተሽ ቢሆን ብሎ ጀመረና የእኔን ፊት አይቶ ተወው።

የካርቶን መነጽር አድርገውልኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ሁሉ ነገር ነጭ ነው፤ ሰው የሚያልፈው እንደ ታጠበ አንሶላ ነው። «በይ ያን የአይጥ ነገርሽን ንገሪኝ» አልኳት ሲትላሊን፤ ስለ ሥራዋ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«አያቴ፣ ቀጭኗ የደም ሥር ስትወለድ ራቁቷን ናት» አለች። «ከአንድ ረድፍ ሕዋስ የተጠቀለለች ቧንቧ፣ በቃ። ብቻዋን ብትተዪያት አትጸናም። ስለዚህ ትጣራለች። ሌሎች ሕዋሳት ጥሪዋን ሰምተው ይመጣሉ፤ ውጭ በኩል ይቀመጡባትና በረጃጅም ክንዶቻቸው ያቅፏታል። ደጋፊዎች ናቸው።»

«ደሙ በእነሱ በኩል ያልፋል?»

«አያልፍም። ደሙ በውስጥ ነው፤ እነሱ ውጭ ናቸው።»

«ሞኞች።»

ሳቀች። «ማቀፍ ብቻ አይደለም ሥራቸው። እሷና እነሱ አብረው በመካከላቸው ስስ ሽፋን ያነጥፋሉ፤ ግድግዳውን የሚያጸናው እሱ ነው። ብቻዋን ብትሠራው ሳስቶ ይቀራል። እኔ ራሴ ሳህን ላይ አሳድጌ አይቼዋለሁ። ቧንቧ የሚሆኑትን ብቻቸውን ሳደርጋቸው ይያያዛሉ፣ ትንሽ ሰንብተው ይበታተናሉ። ደጋፊዎቹን ስጨምርላቸው ይረጋሉ። ‹በቃሽ፣ መሮጥሽን ተዪ፣ አሁን ጽኚ› የሚሏት እነሱ ናቸው።»

«አማት ናቸው በይኛ።»

«ወይም ምራት» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ወደ ሌላ ዞረ። ከዚያ ቶሎ ብላ ቀጠለች፤ «ስኳር ሲበዛ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ምንም አያምም። ዓይኑ ገና ያያል፤ ባለቤቱም አያውቅም። ግድግዳው ግን ያብጣል፣ ያንጠባጥባል፣ አንድ ቀን ይደማል። ያ የምታዪው ጥቁር ድር ደሙ ነው።»

«የሞቱት ይተካሉ?»

«የሄዱት አይመለሱም። የቀሩት ክንዳቸውን ዘርግተው ክፍተቱን ሊሸፍኑ ይሞክራሉ። ቀስ ብለው። ሁልጊዜም አይበቃም።»

ያኔ ነው የነቃሁት። «ጥቁር ድር እንደማይ ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ለቄሱም አልነገርኩም።»

የካርቶን መነጽሩን ከዓይኔ አነሣሁት፤ ቢሆንም ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«እናቴ ናት» አለች በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ ዝንብ ሳይኖር በእጅሽ ዝንብ ታባርሪያለሽ። ካየች ቆይታለች። መጥታ ምን ይሻላል ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ለአንቺ እንዳልነግርሽ ደግሞ አስማለችኝ። የዛሬውን ቀጠሮም የያዝኩት እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት ባለፈው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ መጥታ ተሰልፋ የያዘችው። ሳልሄድ ይታይላት አለችኝ።»

«ይህን ሁሉ ስታውቅ ነው ማዕድ ላይ ስስታም ያለችኝ?»

«አያቴ፣ ያን ቀን አሻንጉሊቷ ከቁራሽሽ እግሯን አውጥታ ነበር። ሁላችንም እያየናት ነው። አንቺ ዙሪያዋን ትበያለሽ። ሮሳልባ ‹አታይም እንዴ ሴትዮዋ› ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እናቴ ቀደመቻት።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ስም እየጠራ አለፈ። እኔ ያን ማዕድ እንደገና አየሁት፤ ዓይኔ ባያይም እሱን አየሁት። ሳቁን፣ የሮሳልባን አፍ፣ የማሪክሩስን ጩኸት። ለካ ብልግና ነው ብዬ ያሰብኩትን ነገር ማሪክሩስ በአንድ ትንፋሽ አስባ፣ ክብሬ ላይ እንደ ሻል ጣል አድርጋልኛለች።

«ለምን በቀጥታ አልነገረችኝም?»

«ብትነግርሽ ምን ትያት ነበር?»

ምን እንደምላት አውቃለሁ። ዓይኔ ከአንቺ ባሕርይ ይሻላል ነበር የምላት። ሌላም እጨምርበት ነበር። «ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

ሚኒባሱ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ይቆማል። ሾፌሩን ሁለት ጊዜ ሰደብኩት፤ ሲትላሊ ጉልበቴን ያዘችኝ፣ ይህን ጊዜ እጇን አላነሣሁትም። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዓይኔን እየወጋው ማሪክሩስን ምን እንደምላት አዘጋጅ ነበር። አትሂጂ ልላት ነበር። ከዚያ ለማን ብላ ትቀራለች አልኩ፤ ለዝምተኛው ልጄ? ለእኔ፣ ግድግዳ እያየሁ ለምመልስላት? ቃል ሳወጣና ስጥል ደጃችን ደረስን።

ደረጃውን ስንወጣ ሳንቲሙ ድስቱ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ውኃውን ሳታቋርጥ ስትጨምር ቆይታለች ማለት ነው። ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ኖርቤርቶ በቦታው፣ ሮሳልባና ባሏ ከወዲያ፣ ማሪክሩስ የመንገድ ጫማዋን አድርጋ ታማሌውን ከድስቱ እያወጣች። በስሏል፤ አንዱም ጥሬ የለበትም። ሮሳልባ ገና ከመግባቴ ጀመረች፤ «እኔማ ቀርተሽ ልትጠፊ ነው ብዬ ነበር፤ አሻንጉሊት የምትደብቅ ሴት ምን አትደብቅም!»

«አልደበቅኋትም» አልኩ። ወንበሩን ተደግፌ እንደቆምኩ ነው። «አላየኋትም። ዓይኔ እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ ፎቶውን አሳይቶኛል። አንቺም ሮሳልባ፣ አሁን የት እንደተቀመጥሽ የማውቀው በአፍሽ ነው። እዚህ ቤት ይህን ቀድማ ያወቀች አንዲት ሰው ናት፤ እንዳይሳቅብኝ ብላ ስሜን በሌላ ነገር አጠፋችው።»

ሳንቲሙ ዝም ያለው ያን ጊዜ ነው። ማሪክሩስ ከልማዷ ተነሥታ ውኃ ቀድታ ጨመረች፤ እንደገና መንቀጫቀጭ ጀመረ። «ይተዉት፣ እማማ፤ ይቀዘቅዛል፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ኖርቤርቶ ሹካውን አስቀምጦ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ መሰለኝ፤ ወንበሩ ሲጥ ሲል ሰማሁ። የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁት። ቲማቲሙን አቀብሉኝ አለ።

በላን። አትሂጂ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጎቴ አሻንጉሊት ተቀርቅሮ ቀረ። ከአፌ የወጣው «ለመንገድ ያዢ» የሚል ነው፤ ስድስት ታማሌ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ ጥሩ ጥሩውን በእጄ ዳስሼ መርጬ። ተቀበለችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ለኖርቤርቶ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፤ «በርጩማውን መተላለፊያው ላይ አትተወው። የምድጃው ሁለተኛ መክፈቻ ላልቷል፣ እስኪጮህ አጥብቀህ ዝጋው። ጨውና ስኳሩን አታቀያይር፤ ጨው በስተግራ ነው።» እሺ፣ እሺ ይላል። ከዚያ እኔ ዘንድ ተመልሳ ጉንጬን ሳመችኝ።

«የሕፃኑን ቀሚስ አስተካክዬዋለሁ» አለች በጆሮዬ። «ማንም አላየም።»

«ማሪክሩስ» አልኩ።

«አቤት፣ እማማ።»

«እህትሽን ሰላም በይልኝ።»

ኖርቤርቶ ሻንጣውን ይዞላት ወረደ፣ ሲትላሊም እናቷን ልትሸኝ ተከተለች። የእግራቸውን ኮቴ እስከ ውጭው በር ድረስ ሰማሁት። ሮሳልባ ሳህኖቹን ልጠብልሽ አለችኝ፤ አትንኪያቸው አልኳትና ባሏን ይዛ ሄደች። ቤቱ እኔና ድስቱ ብቻ ሆነ።

ኖርቤርቶ ብቻውን ተመለሰ። በርጩማውን ከመተላለፊያው አንሥቶ የሆነ ቦታ አስቀመጠው፤ ወደ ኩሽና ስሄድ እዚያው የሆነው ቦታ ላይ ቅልጥሜን መታኝ። «ይቅርታ፣ እማዬ፣ እዚህ አታልፊም ብዬ ነው» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ከነአባቱ እሰድበው ነበር። ቅልጥሜን አሸሁና አለፍኩ።

የሕፃኑ ቀሚስ ጠርዙ ላይ ሳስቶ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳልወስደው አንድ ሁለት ጊዜ ልውጋው ብዬ እጄን ወደ መጋረጃው ላክሁ። መርፌዬን አገኘኋት። ከእሷ ጎን ሌላ አለ። ከዚያም ጎን ሌላ። እጄን ወደ ታች ሳወርደው መጋረጃው ከላይ እስከ ታች መርፌ ነው፤ ከእያንዳንዱ ክር ተንጠልጥሏል፣ ጨርቁ ከብዶ ደርቋል። ለነገ ብዬ እየከተትኩ የምተዋት መርፌ! አንድም ማታ አልከተትኩም ነበር። እንዴት እከታለሁ? ሳንቲም ከአዝራር የማልለይ ሴት።

«ኖርቤርቶ፣ ና እስቲ» አልኩት። «ነጩን አሳየኝ።»

መጣና አጠገቤ ቆመ። ታክሲውን ታክሲውን ይሸታል። «ከላይ ያሉት ነጭ ናቸው» አለ። «ከዚያ ጥቁር። ከዚያ… ቡናማ ነው፣ የሻልሽን ይመስላል። ከሥሩ ሰማያዊ።» ሰማያዊ የምለብሰው ነገር የለኝም። እጁ ደረቱ ላይ ሲሄድ፣ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ሰማሁት።

«የእኔ የሥራ ሸሚዝ ነው» አለ። በርጩማውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን በርጩማ ላይ።

አንዷን ነጭ ነቅዬ ክሩን በጣቶቼ መካከል እስከ መጨረሻው ተከተልኩት። ጫፉን ማሪክሩስ ቋጥራዋለች። መቋጠሩን እንኳ ለእኔ አልተወችውም።